አርባ ሁለት የክርስትና ስም

ሰው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኩን ሲያመጣልኝ የሚስጥር ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ አብሮ ይሰጠኛል። የቤቱን ቁልፍ ለእህቱ እንኳ የማይሰጥ ሰው፣ ፎቶውንም መልእክቱንም ለእኔ አስረክቦ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ስሜ ፀደይ ይባላል። ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም የሞባይል ጥገና ሱቅ አለችኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼባታለሁ። የምጽፈው ግን ስለ ንስሐ አባቴ ስለ መምሬ ህሩይ ነው። የእኔም ነገር በመሃል ይገባበታል። ባይገባበት ደስ ይለኝ ነበር።

መምሬ የኮሶዬ ሰው ናቸው። እዚያ ዳዊት ደግመው፣ ከቅኔ ቤት ቅኔ ቤት ዞረው፣ ጎንደር ወርደው ከቀሰሱ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው። የተማሩትን ሁሉ የያዙት በቃል ስለሆነ፣ መጽሐፍ ገልጠው ሲያነቡ እንኳ ዓይናቸው ገጹን ትቶ ጣራ ጣራውን ያያል። አጠር ያሉ፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ሰውን እያሳቁ ራሳቸው የማይስቁ ሰው ናቸው። ስልክ የያዙት በስተእርጅና ነው፤ ያውም ተገደው።

ያስገደዷቸው የንስሐ ልጆቻቸው ናቸው። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ እዚያው ቀረ፣ አንዷ ቤሩት ገባች፣ አንዱ ሪያድ፣ ሌሎቹ ሱዳን። ኃጢአት ደግሞ አገር ለቆ ለሄደ ሰው ፈቃድ አይሰጥም። ልጆቹ ኑዛዜያቸውን በድምፅ እየቀዱ ይልኩላቸው ጀመር። መምሬ ተቆጡ። ኑዛዜ ፊት ለፊት ነው፣ በሽቦ የሚላክ ነገር አይደለም አሉ። ማን ሰምቷቸው! ድምፁ መምጣቱን አልተወም። በመጨረሻ የራሳቸውን ሥርዓት አበጁ።

የመጣውን ድምፅ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው አንድ ጊዜ ይሰሙታል። ቀኖናውን፣ ይህን ያህል ቀን ጹሚ፣ ይህን ያህል ስገጂ ብለው ይልካሉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ግን አይሉም። እሱን የሚሉት ልጅቱ አገሯ ገብታ፣ ፊታቸው ተንበርክካ፣ መስቀላቸው ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ነው። እስከዚያ ድምፁ ስልኩ ውስጥ ይቆያል፤ አንድ ጊዜ ያፈረችበትን ነገር ስትመጣ እንደገና እንዳታወራው ብለው ነው። የተፈታ ሰው ሲኖር ወደ ሱቄ ይመጡና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «እገሊት ተፈታች፤ አጥፊልኝ» ይላሉ። ራሳቸው የማያጠፉት ጣቴ ስቶ የሌላውን ይነካብኛል ብለው ስለሚፈሩ ነው። እኔም ሳልሰማ አጠፋለሁ።

የሰዎቹ ስም እዚያ ስልክ ላይ የተጻፈው በክርስትና ስማቸው ነው። ወለተ ኪዳን፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ሐና። ካህን ሰውን የሚፈታው በክርስትና ስሙ ስለሆነ ሌላ ስም አላስፈለጋቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ እንኳየሁ ስልኩ ቢጮህ ቢጮህ አያነሡትም፤ የሰው ነፍስ ነው የሚጠራው ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ተማሩ፦ ያልተሰማ ድምፅ አጠገቡ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ አለች፣ ድምፁ ሲሰማ ትጠፋለች። በዚያች ነጥብ በጣም ተደሰቱ። ሸጋ ነው፣ የቱን እንደሰማሁ አይጠፋብኝም አሉ።

ባለፈው ግንቦት አያ አስማረ የሚባል ሰው ደወለላቸው። እህቱ አየለች ሱዳን ውስጥ ሻይ እየሸጠች አሥራ ሁለት ዓመት ኖራ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሸሽታ፣ ከድንበሩ ማዶ ባለችው ከተማ ታማ ወድቃለች። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል፤ ከአልጋ ማንሣት አይቻልም። የምትለው አንድ ነገር ነው፤ መምሬ መጥተው ይፍቱኝ። በስልካቸው ላይ ወለተ ሐና የምትባለው እሷ ናት። ድምፅዋ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መምሬ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። በሽቦ ተቀብያት በአካል እፈታሻለሁ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ሳትፈታ ከሞተች የምጠየቀው እኔ ነኝ አሉ።

አብሬዎት እሄዳለሁ አልኳቸው። ድንበሩ ላይ የመለዋወጫ ዋጋ ላጣራ ብዬ ነው አልኩ። ውሸቴን ነበር።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በሚኒባስ ተነሣን። አይከልን ካለፍን በኋላ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሙቀቱ ወረደ፤ መምሬ ጋቢያቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልዩ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ድንበሩ ደረስን። ኬላው ቆርቆሮ የለበሰች አንድ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ የሚዞር ግን ንፋስ የሌለው ፋን፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ስማቸው የሚባል ወጣት ፈታሽ። ክፉ ሰው አልነበረም። የማክሰኝት ልጅ መሆኑን ነገረን፣ ለመምሬ ወንበር ሰጠ፣ ቦርሳቸውን ከፍቶ የእጅ መስቀላቸውን ሲያገኝ ብድግ ብሎ ተሳለመ። ተሳልሞ ሲያበቃ ስልክዎን ይክፈቱልኝ አለ።

ደንቡን አስረዳን። የሚሻገር ሰው ስልኩን ከፍቶ ያሳያል፤ የማይከፍት ይመለሳል። በሩ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከፊታችን የነበሩት ሁሉ ከፍተዋል። እኔም ምን አለብኝ ብዬ ከፈትኩለት። ፎቶዎቼን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ እየገፋ አለፋቸው። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ያነሣኋት ፎቶ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፤ ምናልባት አዝኖ ይሆናል። እኔ ግን እናቴን ለማያውቃት ሰው ያጋለጥኳት መሰለኝ።

መምሬ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አልነቃነቅ አሉ።

«ልጄ፣ ልብስህን አውልቅ በለኝ አወልቃለሁ። ይሄ ግን የኔ አይደለም።»

ስማቸው «ታዲያ የማን ነው?» አላቸው። የእነሱ ነው አሉ። እነሱ እነማን ናቸው ሲላቸው ዝም አሉ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው፤ ድንበር ላይ «እነሱ» ብሎ ዝም ማለት ጥሩ አይደለም። ስማቸው እጁን ዘርግቶ ስልኩን ቀስ አድርጎ ወሰደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ጊዜ፣ እንደተፈረደብን ሁሉ፣ የተዘጋው ስክሪን በራና መልእክት ገባ። ስማቸው ጮክ ብሎ አነበበው። ወለተ ኪዳን የምትባል ሰው ሰባቱ አልቋል፣ ሠላሳ አራቱን ከሰኞ ጀምሮ እልካለሁ፣ በመንገድ የሚያየኝ የለም ትላለች።

ቤሩት ያለችው ወለተ ኪዳን ናት። የሰባት ቀን ጾሟን ጨርሳለች፤ የቀራት ስግደት ሠላሳ አራት ነው። «እልካለሁ» ያለችው ስትሰግድ እየቆጠረች ለመምሬ መልእክት ስለምትልክ ነው፤ «በመንገድ» ያለችውም የምትሰግደው አሠሪዋ በማያያት ጠባብ ኮሪደር ስለሆነ ነው። ይህን ሁሉ መምሬ በኋላ ሲናገሩ እንኳ የዓለም ስሟን አልጠሩም። በዚያ ሰዓት ግን የስማቸው ፊት ሲለወጥ አየሁት። ሰባት ምንድን ነው? ሠላሳ አራት ምንድን ነው? በመንገድ የሚያልፈው ምንድን ነው? ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ የሚስቅ ሰው ግን አልነበረም።

መምሬ የንስሐ ልጆቻቸው መሆናቸውን፣ ቁጥሩም ቀኖና መሆኑን፣ አንዷም ማዶ ልትሞት ተቃርባ እንደምትጠብቃቸው ነገሩት። ስማቸው የካህን ልብስ ለብሶ የሚያልፍ ሁሉ ካህን አይደለም አለ፤ ከዚህ በፊት ተታሏል። የሰዎቹን የዓለም ስም ይንገሩኝ አላቸው። መምሬ ጣራውን አዩ። እግዚአብሔር በዚህኛው ስም ያውቃቸዋል፣ እኔም እንደዚያው አሉ። ቀልድ አልነበረም። ስማቸው ግን ቀልድ መሰለው፤ ተናደደም። አሁን መመለስም የለም አለ፤ አለቃዬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ እስከዚያ ትቀመጣላችሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ በሩ ይዘጋል። አየለች ሌላ ቀን እንደሌላት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። መምሬ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነበር። ስማቸው እኔን ወደ በረንዳው ጠራኝ። የስልክ ባለሙያ መሆኔን መታወቂያዬ ላይ አይቷል። የስልካቸውን የሚስጥር ቁጥር ታውቂዋለሽ አለኝ። ክፈቺው፣ ሁለት ሦስቱን ሰምቼ አጣራለሁ፣ ሽማግሌው ይሻገራሉ፣ ሴትዮዋም ትፈታለች፤ ማንም አይጎዳም አለኝ። ድምፁ የለመነ ሰው ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ውስጡ ያለውን ሰምተሽው ታውቂያለሽ ብሎ ጠየቀኝ።

በጭራሽ አልኩት።

ከሦስት ዓመት በፊት የመምሬን ስክሪን ቀየርኩ። ስክሪን ከተቀየረ በኋላ ስፒከር ይሞከራል፤ ሥራችን ነው፣ የተገኘውን ድምፅ ከፍተን እናዳምጣለን። ዘፈን ያለበት ስልክ ላይ ዘፈን እንከፍታለን። የመምሬ ስልክ ላይ ዘፈን የለም። በዚያው ደቂቃ አዲስ ድምፅ ገባ፣ ወለተ ሐና ይላል፣ ነካሁት። ስፒከሩ እንደሚሠራ በመጀመሪያው ቃል አውቄያለሁ። ግን አላቆምኩትም። የሱቁን በር ገፋ አድርጌ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ የአየለችን ስም በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል። አብሬዎት እሄዳለሁ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ስትፈታ ባይ ይቀለኛል ብዬ።

እና በዚያ በረንዳ ላይ ስማቸውን ልጠላው ሞከርኩ፣ አቃተኝ። እሱ ትእዛዝ አለው። እኔን ማን አዘዘኝ?

«ቁጥሩን አውቀዋለሁ» አልኩት። «አልሰጥህም።»

ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ውስጥ ገባ። ተከተልኩት። ገና ሳንቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ወለተ ሐና ይላል። መምሬ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ስማቸው እጁን ስልኩ ላይ አደረገ። ጮኾ ጮኾ ቆመ። እንደገና ጮኸ። መምሬ እየሞተች ያለች ልጅ ናት አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ። ስማቸው አሰበ። ያንሡ፣ ግን ለሁላችን በሚሰማ ድምፅ ነው አለና ራሱ ስፒከሩን ከፈተው።

መምሬ ሌላው ሰው አፉን ሳይከፍት ቀደሙ። «ወለተ ሐና፣ እኔ ነኝ፣ አትናገሪ። ሰው አለ፣ አትናገሪ ልጄ።»

መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። አልሰማቻቸውም። በስተመጨረሻ ያገኘቻቸው መስሏት ማውራት ጀመረች፤ ትንፋሿ እያጠረ፣ ያንኑ የሦስት ዓመቱን ነገር፣ ከመጀመሪያው ጀምራ። መምሬ አትናገሪ፣ አትናገሪ እያሉ በመዳፋቸው ስፒከሩን ሊከድኑት ሞከሩ። ድምፅዋ በጣታቸው መሃል ይወጣል። ያለችውን አልጽፈውም። ስማቸው መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ እንደ ፈታሽ ያዳምጥ ነበር። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንገቱን ደፋ። አራተኛው ላይ የመምሬን እጅ ገፍቶ ቀዩን ነክቶ ስልኩን ዘጋው። ራሱ ነው የዘጋው።

ስማቸው ሁለት ጊዜ ፊቱን ጠረገ።

«አባ፣ አሁን የሰማሁትን ምን ላድርገው?»

«እንደኔ ያዘው» አሉት መምሬ። «ሚስትህም አትስማው።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቶሎ ቶሎ ሆነ። ስማቸው ስልኩ አብራዎት ከመጣችው ጋር እዚህ ይቅር፣ ያለ ስልክ የሚሻገር ሰው የሚከፍተው ነገር የለም አለ። ደንቡ እንደዚያ ይበል አይበል አላውቅም። መታወቂያቸውን ይዞ ራሱ እስከ በሩ ሸኛቸው። አያ አስማረ ማዶ ባጃጅ ይዞ ቆሞ ነበር። አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። መምሬ ሊሄዱ ሲሉ ተመለሱና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጡት፤ መዳፌንም በሁለት እጃቸው ከደኑት። ያዢልኝ አሉኝ።

ኬላው ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። የአርባ ሁለት ሰው ኑዛዜ እጄ ላይ ነበር፤ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ የሚያየኝም የለም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። ያዘዝኩት ሻይ ቀዘቀዘ። አሥር ተኩል ሆነ፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆነ፤ በሩ ጋ ያሉት ሰዎች ሰንሰለቱን ማዘጋጀት ጀመሩ። ሳይደርሱባት ሞታ ይሆን? ደርሰው በሩ ተዘግቶባቸው ይሆን? አምላኬን በዚያ ሰዓት የለመንኩትን ያህል ለራሴ ነገር ለምኜው አላውቅም። አሥራ አንድ ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ግራ ያዘነበለ ጥምጥም በድልድዩ ላይ ሲመጣ አየሁ።

ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ደርሰውባታል። አውቃቸዋለች፣ ጎንበስ ሲሉላት ጥምጥማቸውን በጣቷ ነካች፣ መስቀላቸው ግንባሯ ላይ ሲያርፍ አሜን ብላለች። እንዲህ ብለው ነገሩኝና እንደ ልማዳቸው ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ወለተ ሐና ተፈታች፤ አጥፊልኝ።»

ስልኩን ከፈትኩ፣ ስሟን አገኘሁ፣ ጣቴ ግን አልወርድ አለ።

«መምሬ፣ እኔ ይሄን ሰምቼዋለሁ። ስክሪን የቀየርኩ ቀን። እስከ መጨረሻው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ነጥቧ አልነበረችም።»

ራሴ ያስተማርኳቸውን ነጥብ! ስልኩን ከእኔ ተቀብለው፣ ቅጥሩ ሥር ተቀምጠው፣ አዲስ የመጣውን ድምፅ ሊሰሙ ሲሉ ሌላ ሰው ቀድሟቸው እንደሰማው አይተዋል። ስልኩ የነበረው ደግሞ እኔ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ እየመጡ፣ ያንኑ ስልክ ያንኑ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጡ፣ እገሊት ተፈታች አጥፊልኝ ሲሉኝ ኖረዋል። ዛሬም ወደ ማዶ ሲሻገሩ እጄ ላይ ትተውት ሄደዋል። እንባዬ መጣ፤ ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፣ አላፈርኩም።

ምነው ታዲያ ሦስት ዓመት ዝም አሉኝ አልኳቸው።

«ጠይቄ ባወጣው ፍተሻ ነው የሚሆነው ልጄ፤ ኑዛዜ አይሆንም። ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነበር።»

እዚያው፣ ሰው እያየን፣ ከወንበሬ ወርጄ ተንበረከክሁ። መስቀላቸው ከሰዓቱ ሙቀት የተነሣ ትኩስ ነበር። ከዚያ ተነሥቼ የአየለችን ድምፅ አጠፋሁ። አርባ አንድ ቀሩ።

አየለች በሦስተኛው ቀን ዐረፈች፤ አያ አስማረ ነው የነገረን። መምሬ ስልኩን ዛሬም እኔ ጋ ያመጣሉ። እኔ ደግሞ በብጣሽ ወረቀት የሚሰጠኝን ቁጥር መቀበል ትቻለሁ፤ ባለቤቱ ቆሞ ይከፍታል፣ ስፒከሩንም የምሞክረው በራሴ ስልክ ደውዬ ነው። ደንበኞቼ ምን ሆነሻል፣ እንደ ድሮው አትሠሪም እንዴ እያሉ ያጉረመርማሉ።

አየለች ምን እንዳለች እኔ፣ መምሬና አንድ የማክሰኝት ልጅ እናውቃለን፤ ከእኛም አያልፍም። የእኔን ቀኖና ደግሞ ገና አልጨረስኩትም። ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።